ለአንድ ዜማ ግጥም ፍለጋ ወደ ሐይቅ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ገና አልነጋም። በአንድ እጄ የትራምፔቴን ሣጥን፣ በሌላው ትንሽ ሻንጣ ይዣለሁ። በሻንጣው ውስጥ፣ በሁለት ሸሚዝ መሀል፣ ስሜና ፎቶዬ ያለበት የሙዚቃ ሸክላ አለ። ወደ ወሎ የምሄደው በሱ ጣጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የምሠራበት ባንድ ከባህል ቡድን ጋር ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተልኮ ነበር። ፕራግ ባረፍንበት ሰሞን አንድ ሸክላ አሳታሚ ቤት ትራምፔቴን ሰምቶ ወደደና የሁለት ቀን ስቱዲዮ ሰጠኝ። ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም የተጫወቱልኝ የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ከነሱ ጋር የምግባባው በጣትና በአንገት ነበር። ስምንት ዜማ ቀዳን። ከስምንቱ አንጀቴን የሚበላው አንድ የአምባሰል ዜማ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል ሐይቅ ከተማ ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ልንጫወት ሄደን፣ ክፍል ያከራዩኝ እማማ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ማሽላ ሲለቅሙ ሲያንጎራጉሩት ሰምቼ የያዝኩት ነው። ቃል አልነበረውም፤ አፋቸውን ገጥመው ነው የሚያዜሙት። ምንድነው እማማ ብላቸው፣ አምባሰል ነው አሉኝና ወደ ማሽላቸው ተመለሱ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ፒያኒስቱ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ስለ ፍቅር ነው አልኩት። ምን አውቄ! እሱም ፈጠን አድርጎ፣ እየሣቀ ተጫወተው፤ እኔም ተከተልኩት። ስንጨርስ ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጨፈሩ፣ አጨበጨቡ። ጨዋ ነኝ ብዬ ደግሞ በሸክላው ጀርባ ላይ «ከሐይቋ ዘሃራ የተገኘ ዜማ» ተብሎ በቋንቋቸው እንዲጻፍልኝ አደረግሁ። በዚያን ዕለት በራሴ ጨዋነት የኮራሁትን ያህል በትራምፔቴም ኮርቼ አላውቅም።

ሸክላው አዲስ አበባ ሲደርስ ሥራዎችን የሚገመግም ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የጀርባው ጽሑፍ ተተረጎመ። ዘሃራ ማናት፣ ግጥሙስ የታለ ተባልኩ። ግጥም የለውም ብላቸው ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀና፣ ግጥም የሌለው የአገር ቤት ዜማ ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ሰፊው ሕዝብ ምን እያለ እንደሚያዜመው ሳይታወቅም በሬዲዮ እንደማይለቀቅ ነገረኝ። ግጥሙን ጽፌ፣ የሐይቅ ቀበሌን ማህተም አስመትቼ በአሥር ቀን ውስጥ ማምጣት አለብኝ። ካላመጣሁ ሸክላው መጋዘን ይቀራል፤ የሚቀጥለው የውጭ ጉዞም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሃያ ዓመት ከንፈሬን ያቆሰልኩበት ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ባለቤቴ አልማዝ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ፣ መንገድ ላይ ከማንም ጋር ክርክር እንዳልገጥም አስምላኝ ነው የወጣሁት።

ቀን፣ ከጣርማበር እስከ ከሚሴ

ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም ጠጣን። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጥርሴን አንገጫገጨው፤ ትራምፔት ለሚነፋ ሰው ጥርስ እንጀራው ነውና አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ቆየሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ሙቀቱ ጋቢውን አስጣለኝ። አንድ ፓፓያ ገዝቼ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው አካፈልኩት። በእጁ አመሰገነኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እስከ ደሴ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም አላናገርኩትም። በዚያን ዘመን የማያውቁትን ሰው ስለ ዝናብ እንኳ አያወሩትም ነበር።

ከሚሴ ኬላ ላይ ሁላችንም እንድንወርድ ታዘዝን። አንድ ወጣት ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አየና ሣጥኑን አስከፈተኝ። መሣሪያውን አንስቶ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተ። ሙዚቀኛ ነኝ ስለው፣ ካልነፋህ አላምንም አለኝ። አፌ ክው ብሎ ደርቋል። የማርሽ ግማሽ እንደ ምንም ነፋሁ፤ መንገደኛው ሊሥቅ ከጀለና ወታደሩ እንዳልሣቀ አይቶ ተወው። ቀጥሎ ሸክላውን አወጣ። ፎቶው ላይ ሰፊ ባርኔጣ አድርጌያለሁ።

ባርኔጣው ያንተ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የፎቶ አንሺው ነው አልኩት። ከዚያ አዙሮ የጀርባውን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ለማንበብ ሞከረ፤ ጣቱ የእማማ ዘሃራ ስም ላይ ሲደርስ ምን እንደሆነ እንጃ ልቤ ደነገጠ። አልገባውም፤ መለሰልኝ። ያን ስም እዚያ ላይ ማጻፌ ደግ እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ ያኔ ነው። ማታ ደሴ ገብተን ከሰዓት እላፊ በፊት አልጋ ያዝኩ።

ረቡዕ፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ

ጠዋት በአንዲት ትንሽ አውቶቡስ፣ ከሁለት ፍየልና ከአንድ በርሜል ጋር ተጣብበን ወጣን። ቦሩ ሜዳ ላይ ገብሱ በውርጭ ነጥቷል። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላው እየዞረ ሲወርድ ሐይቁ ብቅ አለ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ውሃው ዳር ጠቁረው ይታያሉ። በስተ ሰሜን የአምባሰል ተራራ ደመና ተከናንቦ ቆሟል። ስሙን እየጠራሁ ስንት መድረክ ላይ የተጨበጨበልኝን ተራራ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ፤ አንድም ቀን ወጥቼው አላውቅም።

በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ይመር ይባላል፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ያደረገ ሰው ነው። የኮሚቴውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዘሃራ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያው ቤቷ እመጣለሁ» አለኝ። «ግጥሙን በጆሮዬ ሳልሰማ ማህተም አልመታም።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ሐይቁ ዳር ካለች ምግብ ቤት ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ብር ከሃምሳ በላሁ። ሚጥሚጣው ከንፈሬን ቢለበልበኝም ሁለተኛ አዘዝኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

እማማ ዘሃራ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። አልሃምዱሊላህ እያሉ ደጋግመው ሳሙኝ፣ ከስተሃል ብለው ተቆጡኝ፣ ሻይ አፈሉልኝ። ሸክላውን አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ምን ይላል አሉኝ። ስምዎን አልኩና ጣታቸውን ይዤ ጽሑፉ ላይ አስቀመጥኩት። የሚመርቁኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ቶሎ አነሱት።

ምን ሆነው ነው ብዬ ሳልጠይቅ የመጣሁበትን ጉዳይ ዘረገፍኩት፦ ኮሚቴውን፣ ግጥሙን፣ ነገ የሚመጣውን ሊቀመንበር። እማማ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ያ ዜማ የልጄ የጀማል ነው» አሉኝ።

ጀማል አንድ ልጃቸው ነበር፤ ደሴ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። በዚያ በሽብሩ ዓመት ለእረፍት እናቱ ጋ መጥቶ ሳለ፣ ከአራት የሰፈር ልጆች ጋር በመኪና ጭነው ወደ አምባሰል መንገድ ወሰዷቸው። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። በማግስቱ በየቤቱ እየዞሩ፣ ለአብዮት ጠላት የሚያለቅስ እሱም ጠላት ነው ብለው አስጠነቀቁ። ለቅሶ መቀመጥ፣ ጥቁር መልበስ፣ ቤታቸው መሰብሰብ ተከለከለ።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት የእድሩ ሰው ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ እየነፋ፣ የሟቹን ስም እየጠራ ሰፈሩን ይዞራል። ያን የሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ እስላም ክርስቲያን የለም። ለጀማል ግን ጥሩምባ አልተነፋም። ሰደቃም አልወጣለትም።

«ቃል ካወጣሁ ይሰሙኛል» አሉ እማማ። «ቃሉን ዋጥኩት፤ ዜማውን ብቻ ያዝኩ። ጎረቤቱ ገብቶታል፤ ሌላው አምባሰል መሰለው። ይኸው ስድስት ዓመቴ።»

የሳቸውን የተደበቀ ለቅሶ ሰርቄ፣ አውሮፓ ወስጄ፣ የፍቅር ነው ብዬ አስጨፍሬበት፣ ስማቸውን ጽፌበት፣ ሳያንስ ደግሞ ሊቀመንበሩን ደጃቸው ድረስ ጠርቼባቸው መጣሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ላመሰግናቸው ብዬ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ተንተባተብኩ። ሁለት መስመር የፍቅር ግጥም እፈጥራለሁ፣ እርስዎ በቃልዎ ይያዙት አልኳቸው። ሊዋሹ ቢሉ አፋቸው እንደማይታዘዛቸው ነገሩኝ። ደግሞ ሊቀመንበሩ ዜማውን ያውቀዋል፤ የቀበሌ ጸሐፊ ሳለ በመስኮታቸው ስር ሲያልፍ ቆሞ ሲሰማ ስንት ቀን አይተውታል። ከዚያ የትራምፔቴን ሣጥን አመለከቱኝ።

«ያ ጥሩምባህ ፈቃድ አለው?»

«አለው፤ ከነማህተሙ።»

«እንግዲያው ነገ ንፋልኝ። ልጄ ይነፋለት።»

ሁላችንም እናልቃለን እማማ አልኳቸው። እኔ አልቄያለሁ፣ አንተ ግን ባለ ትዳር ነህ፣ አልፈርድብህም፤ ሌሊቱን አስበህ ካልሆነልህ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሂድ አሉኝ። አብሽር ልጄ ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔን ያጽናናሉ!

ሐሙስ፣ ጠዋት

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ሰማሁ። ጫማዬን አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ብሄድ ሸክላዬ መቅረቱ ነው የሚል ሐሳብም ነበረበት። ብቻ አውቶቡሱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።

ጓድ ይመር በሰዓቱ መጣ። መሣሪያ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ተከትለውታል። ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘረጋ።

«እትዬ ዘሃራ፣ ግጥሙን ይበሉና ሥራችንን እንጨርስ» አለ።

እማማ ፊታቸውን ወደ አምባሰል አዙረው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማርጀታቸውን፣ ዜማው ካልተነፋላቸው ቃሉ እንደማይመጣላቸው በዝግታ ተናገሩ። ጓድ ይመር እኔን አየ። መሣሪያዬን አወጣሁ።

እንደ ሸክላው አድርጌ ጀመርኩ፣ ፈጠን፣ ቀለል አድርጌ። ፈርቼ ነው፤ እንደ ዘፈን ካለፈልኝ ብዬ። ሁለተኛውን ሐረግ ሳልጨርስ እማማ መዳፋቸውን አነሡ።

«እንደሱ አይደለም የኔ አባት። ቀስ በል።»

በሕይወቴ ስንት የውጭ አገር መምህር አርሞኛል፤ እንደዚያ የገባኝ እርማት ግን የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ከመጀመሪያው ያዝኩት። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ትንፋሼ እስኪያልቅ እየያዝኩ። ድምፁ ቁልቁል ወደ ውሃው ወረደ። ዓይኔን ስገልጥ የጎረቤቷ የወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ተከፍቶ ሴትየዋ እጃቸው ላይ ሊጥ እንዳለ መጥተዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገዋል፤ ለቅሶ ሲደረስ እንደሚለበሰው። ከኋላቸው ሌላ ሴት፣ ከዚያም ሌላ። ወንዶቹ አጥሩ ጋ ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም፤ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ይመጣል።

እማማ ዘሃራ ተነሡ።

«ጀማል!» አሉ። «ጀማልዬ!»

ግቢው በአንድ ጊዜ ተናጋ። ከጥበቃዎቹ አንዱ ዘሎ የትራምፔቴን አፍ ጨበጠና አቁም አለኝ። ድምፁ ተቆረጠ። ሴቶቹም ዝም አሉ፤ የሰው ሁሉ ዓይን ጓድ ይመር ላይ ሆነ። እሱ ጉልበቱ ላይ ያለውን ባዶ ወረቀት ነው የሚያየው። አሁን ያስይዘኛል፣ አልማዝም የት እንደገባሁ ሳታውቅ ትቀራለች እያልኩ አስባለሁ።

«ተወው» አለ ቀና ሳይል። «ጓድ ሙዚቀኛው ግጥም እየሰበሰበ ነው። ይቀጥል።»

ቀጠልኩ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደም ደም እያለኝ ቀጠልኩ። ስለ ጀማል ቁመት አለቀሱ፣ ስለ ውሃ ዋና ችሎታው፣ እናቱ በብድር ስላሰፉለት የተማሪ ሱሪ። ከዚያ አንዲት ሴት ከወደ አጥሩ ሌላ ስም ጠራች። ጥቂት ቆይቶ ሌላዋ። አምስቱም ልጆች አንድ በአንድ ተጠሩ። እኔም አለቀስኩ፤ እየነፉ ማልቀስ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ሲያበቃ ጓድ ይመር ወደ ጥግ ጠራኝና ወረቀቱን ሰጠኝ።

«ጻፍ» አለኝ። «'ሐይቅ ዳር ማሽላው አሸተ፣ ገበሬው በማኅበር ከተተ።' ጻፍከው?»

«ጽፌያለሁ።»

«እኔ የሰማሁት ይሄን ነው። አንተስ?»

«እኔም» አልኩ።

የትራምፔቴን ሣጥን ክዳን ጠረጴዛ አድርጎ ማህተሙን መታ። ዛሬውኑ ከተማውን እንድለቅ አዘዘኝና ጥበቃዎቹን አስከትሎ ወጣ። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት ስር ምን ይዞ እንዳለፈ እሱ ይወቀው።

ልሰናበታቸው ስል እማማ ዘሃራ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ያዙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ በዚያ አገር ሲነፋ ሰው አለቀሰ ወይ?

«አጨበጨቡ እማማ» አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም።

«ይሁን» አሉ። «እንግዳ ናቸው፤ ማን ነገራቸው።»

ዓርብና ቅዳሜ፣ መልስ

ሐሙስን ደሴ አድሬ ዓርብ ተነሣሁ፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ኬላው ያው ኬላ። በየፍተሻው ያን ባለማህተም ወረቀት አንብበው ይመልሱልኛል። አምስቱን ስሞች በወረቀት ላይ አልጻፍኩም፤ እስከ አዲስ አበባ በልቤ እየደጋገምኩ መጣሁ። አልማዝ በሩን ስትከፍት የከንፈሬን ቁስል አይታ ማን መታህ አለችኝ። ደክሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ሳቀርብ ኮሚቴው በጣም ደስ አለው። ሰብሳቢው ሁለቱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበና፣ እንዲህ ያለ ግጥም እያለው የለውም ማለቴ እንዳስገረመው ነገረኝ። የሸክላውንም ፍጥነት ወደደው፤ የሥራ ስሜት አለው አለ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ስምንቱንም ዜማ በሚገባ ተጫውቻለሁ ብዬ ነበር የማምነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንዱን ጨርሶ እንዳልተጫወትኩት ነው። እኔ የሰው ዜማ ሰምቼ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ፤ መጠየቅ የነበረብኝ የማን ነው ብዬ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከምሳ በኋላ ሬዲዮው ለቀቀው። አስተዋዋቂው የምርት ዘመቻን የሚያወድስ የሐይቅ ገበሬዎች ዜማ ነው ብሎ አስተዋወቀ። ፒያኖው እየሣቀ ገባ፤ የኔ ትራምፔት ተከተለው። አልማዝ ደስ ብሏት ድምፁን ከፍ አደረገችና ዞር ስትል ወንበሩን ትቼ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ጀማል ሞቷል» አልኳት።

«ጀማል ማነው?»

ልነግራት አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣኝም። አልማዝ አየችኝ። ሬዲዮውን ዘጋች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።